የመዝናኛችን ታሪክ፦ ከፍልውሃ እስከ መካኒሳ

አዲስ አበባ በሽርሽር ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ናት ብንል ከእውነት አንርቅም። የዐፄ ምኒልክ መቀመጫ እንጦጦ ላይ በነበረበት ጊዜ ተራራው ብርዳማና ነፋሻማ ስለነበር፣ እቴጌ ጣይቱ አጃቢዎቻቸውን አስከትለው ወደ ፍልውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ከፍልውሃው አጠገብ ቤት የሚሠሩበት ቦታ ከባለቤታቸው ጠይቀው ተፈቀደላቸው፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። ቀድሞ በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ብለው የሚጠሩት ቦታ ነው። እንግዲህ የዛሬዋ ታላቅ ከተማ የተጀመረችው አንዲት ሴት ገላዋን ታጥባ፣ ጥሩ አየር ስባ የተደሰተችበትን ስፍራ ስለወደደች ነው።

ይህን የምናነሣው ለወግ ብቻ አይደለም። በማኅበራችን ስብሰባ በየዓመቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ከወርሃዊ መዋጯችን ላይ ለዓመታዊ የሽርሽር ቀን የምናስቀምጠው ገንዘብ ይቀጥል ወይስ ወደ ተዘዋዋሪ ብድሩ ይግባ? «የኑሮ ውድነቱ እንዲህ ባየለበት ጊዜ ሽርሽር ምን ያደርግልናል» የሚሉ እህቶች አሉን። «ዓመቱን ሙሉ ስንለፋ ኖረን አንድ ቀን መተንፈስ ነውር ሆነ እንዴ» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገን የሚናገረው ኑሮውን አይቶ ነው። ስለዚህ ከመወሰናችን በፊት ከተማችን ከቤት ውጭ መብላትንና መዝናናትን እንዴት እንደለመደች፣ በዚህም ውስጥ የሴቶች ቦታ ምን እንደነበር አብረን ብናይ መልካም ነው ብለናል። ከታሪኩ የምናገኘው ቁም ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ከተማዋን ያበሉና ያዝናኑ ሴቶች ናቸው፤ በዚያው ገበታ እንደ እንግዳ ለመቀመጥ ግን ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል።

ከግብር አዳራሽ ወደ እቴጌ ሆቴል

በጥንቱ ወግ ሰው ከቤቱ ውጭ የሚበላው ተጋብዞ ነው። ዘመድ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ ተዝካር ላይ፣ ወይም በጌታው ግብር ላይ ይበላል። መንገደኛም ቢሆን «የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ከመጣ ያድራል፣ ይበላል፤ ሒሳብ አይጠየቅም። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግብር ሲገባ በአዳራሹ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየማዕረጉ ይቀመጥ ነበር። መኳንንቱ ቀድመው፣ ሠራዊቱ በተራ በተራ እየገባ ይበላል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ጀርባ ደግሞ ወፍጮ የሚፈጩ፣ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ወጥ የሚሠሩ፣ ጠጅ የሚጥሉ ሴቶች ነበሩ። የታሪክ መጻሕፍት ማን በየትኛው ወንበር እንደተቀመጠ በዝርዝር ይነግሩናል። የወጥ ቤቶቹን ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ አናገኝም።

ለምግብ ገንዘብ መክፈል ለከተማችን አዲስ ነገር ሆኖ የመጣው በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው። ሆቴሉ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አራዳ፣ በኋላ ፒያሳ በተባለው ሰፈር ሥራ ጀመረ። ዛሬም ጣይቱ ሆቴል እየተባለ በዚያው አለ። መኳንንቱ መጀመሪያ ላይ «እንዴት እህል በገንዘብ ይሸጣል» ብለው እንደተጸየፉት፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሰዎቻቸውን ይዘው ሄደው በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው እንዳስተማሯቸው እስካሁን ይነገራል። እቴጌይቱም ሥራውን ለሰው ጥለው የሚቀመጡ አልነበሩም፤ ምግቡንም መስተንግዶውንም ራሳቸው ይከታተሉ እንደነበር ይተረካል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። ምግብ በነፃ የሚቀርብ ሲሆን የሠራችው ሴት ድካምም በነፃ ይታለፍ ነበር። ምግብ ዋጋ ሲወጣለት ግን ድካሙም ዋጋ ሊወጣለት እንደሚችል ታየ። ጓዳ ውስጥ የነበረው ሙያ የገበያ ሙያ ሆነ። ዛሬ ከመካከላችን እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታቀርበው፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ የምትሸጠው፣ ምግብ ቤት የከፈተችው እህታችን ሁሉ የዚያ ለውጥ ወራሽ ናት። እርግጥ ነው፣ እንግዳ ተቀባይነታችን አልጠፋም፤ ቤታችን የመጣን ሰው ሒሳብ አንጠይቅም። ነገር ግን ድካም ዋጋ እንዳለው ማወቅና እንግዳ መውደድ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ጣሳ የተደፋበት ቤት

ከሆቴሉ ይልቅ ብዙውን የከተማ ሰው ያዝናኑት ትንንሾቹ ቤቶች ናቸው። በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ በር ላይ ከቆመ ጠላ አለ ማለት ነው፤ ማስታወቂያ አያስፈልገውም ነበር። በመኳንንት ቤት የክብር መጠጥ የነበረው ጠጅም ቀስ በቀስ ወደ ጠጅ ቤት ወጣ፤ ብርሌውም ለሁሉም ሰው እጅ ደረሰ። የቤቱ ባለቤት ብዙ ጊዜ ሴት ናት። ኮማሪት የሚለው ቃል ራሱ ሴትን ያመለክታል። ባሏ የሞተባት፣ ፈትታ ከአገር ቤት የመጣች፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ያለ ብዙ መነሻ ገንዘብ ልትጀምረው የምትችለው ሥራ ይህ ነበር። ጌሾ መውቀጥ፣ ብቅል ማብቀል፣ ጋን ማጠን ታውቃለች፤ አንድ ክፍል ቤትና ጥቂት አግዳሚ ወንበር ካገኘች በቂዋ ነው።

ጠላ ቤት መጠጫ ብቻ አልነበረም። ወሬ የሚሰማበት፣ ሥራ የሚፈለግበት፣ ከአንድ አገር የመጡ ሰዎች የሚገናኙበት ስፍራ ነበር። አዝማሪውም ማሲንቆውን ይዞ የሚመጣው ወደዚያው ነው። ባለቤቷ ማን ዕዳ እንዳለበት፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን እንደታመመ ታውቃለች፤ ታስታርቃለች፣ ታበድራለች። ሆኖም ከተማው አገልግሎቷን እየወደደ ስሟን አያከብርም ነበር። ወንዱ ጠጥቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ «ሲዝናና አመሸ» ይባላል። የቀዳችለት ግን ሌላ ስም ይለጠፍባታል።

ይህ አድልዎ በቋንቋችን ውስጥ ሳይቀር ታትሟል። ቡና ቤት የሚለው ቃል ለረጅም ጊዜ ቡና የሚጠጣበት ቤት ማለት አልነበረም። መሸታ ቤት ማለት ነበር። ስለዚህ አንዲት የቤት እመቤት «ቡና ቤት ደርሼ መጣሁ» ማለት አትችልም። ወንድሟ ግን ይችላል። እናቶቻችን ከቤት ውጭ አንድ ስኒ ቡና ተቀምጠው ሳይጠጡ ያረጁት ገንዘብ ስላጡ ብቻ አልነበረም። የሚቀመጡበት ስም ያለው ቦታ ስላልነበረም ነው።

ማኪያቶ፣ ኬክና መድረክ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ ብዙ ደም አፍስሶ ያለፈ ክፉ ዘመን ነው። ከተማዋ ግን ከተወራሪነቷ ተላቅቃ ከወራሪው ወጥ ቤት የቀረውን የራሷ አደረገችው። ፓስታ፣ ስጎ፣ ማኪያቶ፣ ፉርኖ፣ ቦንቦሊኖ፣ ልኳንዳ የምንላቸው ቃላት የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። ሴቶቻችንም ስጎውን በበርበሬና በኮረሪማ አጣፍጠው፣ ፓስታውን በእንጀራ ላይ አፍስሰው የሀገር ምግብ አደረጉት። ከነፃነት በኋላ በፒያሳ ኬክ ቤቶችና ምግብ ቤቶች በዙ። የኤንሪኮ ኬክ ቤትና የካስቴሊ ምግብ ቤት ስም በአዲስ አበቤ አፍ ላይ ሰነበተ፤ በ1946 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው ቶሞካም እስከ ዛሬ ቡናውን ቆልቶ ይሸጣል።

ኬክ ቤት ለሴቶች ትንሽ በር ከፍቷል። መጠጥ ስለሌለው፣ ቀን ስለሚሠራ፣ ልጅ ይዞ መግባት ስለሚቻል ነውርነቱ ቀነሰ። ተማሪዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ እሁድ ከቤተሰብ ጋር የወጡ እናቶች መቀመጥ ጀመሩ። ሲኒማውም እንዲሁ ነው። ሲኒማ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። በኋላ ግን ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር የእሁድ ከሰዓት መዳረሻ ሆኑ።

መድረኩም የራሱ ታሪክ አለው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር በኋላ ቴአትር ቤት ሲሆን፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውም በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርይ ሲያስፈልግ ቀሚስ ለብሶ የሚጫወተው ወንድ ነበር፤ ሴት ልጅ በአደባባይ መቆሟ ነውር ተብሎ ይታሰብ ስለነበር ነው። ይህን ነውር ከሰበሩት ቀዳሚዎች አንዷ አስናቀች ወርቁ ናቸው። ተዋናይት፣ ድምፃዊትና ክራር ደርዳሪ ነበሩ። ዛሬ ሴት ልጃችን ቴአትር ለማየትም ለመሥራትም ብትሄድ የሚገርመው የለም። አለመገረማችን ግን በሌሎች ሴቶች ድፍረት የተገዛ ነው።

ቡና፦ የራሳችን መዝናኛ

ከቤት ውጭ ቦታ ያልነበራቸው እናቶቻችን ዝም ብለው አልተቀመጡም። መዝናኛቸውን ቤታቸው ውስጥ፣ ደጃቸው ላይ ሠሩት። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን በፊት ብዙ ክርስቲያኖች ቡና አይጠጡም ነበር፤ በእርሳቸው ዘመን ግን ልማዱ እየተስፋፋ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ቡና የሰፈር ሴቶች ጉባኤ ሆነ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ ሲቀዳ ጎረቤት ይጠራል። ክርስቲያኗም ሙስሊሟም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጣሉ። ቆሎ ወይም ፈንድሻ ይቀርባል፤ ሰው ጤናውን ይጠያየቃል።

ማኅበራችንን ጨምሮ በሰፈራችን ያሉ ብዙ ዕቁቦችና ዕድሮች የተወለዱት በእንዲህ ያለ የቡና ቁጭታ ነው። የአንዷ ልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ እንዳጠረ፣ የሌላዋ ባል ከሥራ እንደተሰናበተ የሚሰማው እዚያ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል ቃል ብቻ ሳይሆን አሠራር የሚሆነውም እዚያ ነው። እንግዲህ ጨዋታና ቁም ነገር ሁልጊዜ ተለያይተው የሚኖሩ ነገሮች አይደሉም።

በዓላትም የሴቶች መውጫ ነበሩ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው በከንቱ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ጓዳ የዋለች ሴት የሀገር ልብሷን ለብሳ፣ ተቆናጅታ፣ ከአደባባይ ሕዝብ ጋር የምትቀላቀልበት ቀን ነበር። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ፋሲካ፣ ኢድ፣ ኢሬቻ ሁሉም እንዲህ ያለ በር ይከፍታሉ። ኢሬቻ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ሆራ ፊንፊኔ ዳግመኛ መከበሩም የከተማችንን የአደባባይ በዓላት አብዝቶልናል። ከበዓሉ በፊት ባለው ሌሊት ግን ዶሮ የምትገነጥለው፣ ድፎ የምትደፋው፣ ጠላ የምትጠምቀው ያችው ሴት መሆኗን አንረሳም።

የቀበሌ መዝናኛና ሰዓት እላፊ

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የከተማዋ ምሽት ተለወጠ። በሰዓት እላፊ ምክንያት ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ብዙ ቤተሰብም ልጁን በሥጋት ይጠብቅ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ ከእነርሱም ጋር የቀበሌ መዝናኛ ክበቦች መጡ። በርካሽ ዋጋ ምግብ፣ ሻይና ቢራ የሚገኝባቸው፣ ዳማና ካርታ የሚጫወቱባቸው፣ የሰፈር ሰው የሚሰበሰብባቸው ስፍራዎች ነበሩ። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ሲቋቋም ሴቶች በየቀበሌው በስብሰባና በመሠረተ ትምህርት ከቤት እንዲወጡ ተደርጓል። አወጣጡ በመመሪያ ስለነበር ሁሉም ወድዶ አልወጣም። ቢሆንም ብዙ እናቶች ፊደል የቆጠሩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው የተናገሩት በዚያ ዘመን ነው።

በቀበሌ ክበቡ ውስጥ የነበረው የሥራ ክፍፍል ግን ከጠላ ቤቱ ብዙ አልተለየም። ዳማውን የሚጫወተው ወንድ፣ ወጡን የምትሠራው ሴት ነበረች። ዘመን ተለወጠ፣ መንግሥት ተለወጠ፤ ጓዳው ግን ያው ነበር።

የእኛ መካኒሳ

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። መካኒሳ በኦሮምኛ የብሳና ዛፍ ስም ነው። ጎረቤታችን ላፍቶም ግራር ማለት ነው። ስለዚህ ክፍለ ከተማችን በስሙ ዛፍ ተሸክሟል። ብሳና አበባው ለንብ ቀለብ የሚሆን፣ ጥላውም ሰው የሚያስቀምጥ ዛፍ ነው። ዛሬ በአስፋልቱና በሕንፃው መካከል ብሳና ማየት ብርቅ ሆኗል። ስሙ ግን ሰፈሩ ቀድሞ ምን እንደነበር ያስታውሰናል።

አብዛኞቻችን መካኒሳን የምናውቃት የከተማ ዳር ሆና ሳለች ነው። መካኒሳ አቦ፣ መካኒሳ ሚካኤል፣ የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተከፈተው ትምህርት ቤት፣ የአልኮል ፋብሪካው ለረጅም ጊዜ የሰፈሩ ምልክቶች ነበሩ። «የት ነሽ?» ስንባል በእነርሱ እንመራለን። ከዚያ ወዲህ ጎዳናው ሰፋ፣ ጀርመን አደባባይ ተጨናነቀ፣ ሕንፃው በዛ፤ ከሳር ቤት እስከ ጀሞ የምግብ ቤት ታፔላ ሳያቋርጥ የሚታይ ሆነ።

የምንወዳቸውን የሰፈራችንን ቦታዎች በስም ከመጥራት ይልቅ በዓይነታቸው እንናገር፤ ባለቤቶቹ ብዙዎቹ እኛው ነንና አድልዎ እንዳይመስልብን።

አንደኛው ጠዋት የሚከፈተው ቁርስ ቤት ነው። ፉል፣ ጨጨብሳ፣ ቅንጬ፣ ፍርፍር ያቀርባል። ሠራተኛው ታክሲ ከመያዙ በፊት ቆም ብሎ ይበላል። ባለቤቷ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምራ ተነሥታለች።

ሁለተኛው ሽሮ ቤት ነው። በሸክላ ድስት እየፈላ የሚመጣው ሽሮ ተጋቢኖ የረቡዕና የዓርብ ብቻ ምግብ መሆኑ ቀርቷል። ሥጋ በተወደደበት በዚህ ዘመን የሳምንቱ ሙሉ ምግብ ሆኗል። በፆም ወራት በያይነቱው ሲቀርብ ቀዩ ምስር፣ አልጫ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ፎሶልያው በአንድ እንጀራ ላይ ተደርድሮ ሲታይ የእናቶቻችን ሙያ በአደባባይ የተሰቀለ ይመስላል።

ሦስተኛው ሥጋ ቤት ነው። ቄራ ለሰፈራችን ሩቅ ስላልሆነ በዓል ሲፈታ ጥሬ ሥጋና ጥብስ ቤቶች ይሞላሉ። ቀድሞ ሴት ልጅ ብቻዋን ገብታ ግማሽ ኪሎ የምታዝበት ቦታ አልነበረም። ዛሬ ግን ጓደኛሞች ሆነው ተሰብስበው፣ ሒሳቡን ተካፍለው የሚበሉ ሴቶች ማየት የተለመደ ነው። ክትፎ ቤቶችም አሉ። የጉራጌ እናቶች ሙያ የሆነው ክትፎና ቆጮ የመስቀል ምግብ ከመሆን አልፎ የመላው ከተማ የግብዣ ምግብ ሆኗል።

አራተኛው፣ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ጀበና ቡና ነው። ባለፉት አሥራ አምስትና ሃያ ዓመታት በየሕንፃው ሥር፣ በየመንገዱ ዳር ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ረከቦት ዘርግተው፣ ዕጣን አጭሰው ቡና የሚያፈሉ ሴቶች የከተማዋን መልክ ለውጠውታል። ጀበና ቡና የጓዳውን ቡና ወደ አደባባይ አወጣው። የቡና ቤት ስምም ታጠበ። ወንድና ሴት፣ አለቃና ጥበቃ፣ ሹፌርና ተማሪ በትንሽ ዱካ ላይ እኩል ይቀመጣሉ። እናቶቻችን ያልነበራቸውን ስም ያለው መቀመጫ ልጆቻቸው ሠሩት። ከማኅበራችን ተዘዋዋሪ ብድር ወስደው ሥራ ከጀመሩት እህቶች መካከል ስንቶቹ በዚህ መጀመራቸውን አባላት ሁሉ ያውቃሉ።

አምስተኛው ጉልቱ ነው። ጉልት እንደ መዝናኛ ይቆጠራል ወይ የሚል ካለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሽንኩርትና ቲማቲም እየመረጡ ከደንበኛ ጋር መጫወት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ይጠይቀን። ትልቁ የአትክልት ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ክፍለ ከተማችን ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ከተዛወረ ወዲህ የጉልት እናቶች አትክልቱን በቅርብ ማምጣት ችለዋል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የተካሄደው የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዱን አስፍቷል፣ መብራትና መቀመጫ አምጥቷል። ምሽት ላይ ልጆች ይዘን በእግር መንሸራሸር ችለናል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ልክ ከመንገድ ዳር የተነሡ የጉልትና የጀበና ቡና ሴቶች አሉ። አንዳንዶቹ አዲስ ቦታ አግኝተዋል፤ አንዳንዶቹ እስካሁን ይፈልጋሉ። ከአባሎቻችንም ቦታዋን አጥታ ጀበናዋን ወደ ቤት የመለሰች አለች። ያማረ መንገድ ላይ ለመንሸራሸር ስንወጣ፣ መንገዱ ላይ ቆመው ያኖሩንን ሴቶች ቦታ አብረን መጠየቅ አለብን።

እንጦጦ ስንወጣ

በቅርብ ዓመታት የከተማዋ መዝናኛዎች በዝተዋል። በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ፣ በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ተከፈቱ። የዓድዋ ድል መታሰቢያም በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ተመረቀ። አንድነት ፓርክ ስንገባ የምኒልክን የግብር አዳራሽ እናያለን። ወንበሩን ብቻ ሳይሆን እንጀራው የመጣበትንም በር እያሰብን ብናይ ጉብኝታችን ይሞላል።

እንጦጦ ደግሞ ሌላ ትዝታ አለው። ዛሬ በብስክሌት የሚወረድበትና ፎቶ የሚነሡበት ያ ዳገት ለብዙ ዘመን የሴቶች የሸክም መንገድ ነበር። ከክብደታቸው የሚስተካከል የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶች ምስል ከአዲስ አበባ ታሪክ አይፋቅም። የእኛም እናቶች ምጣድ የነደደው በዚያ ቅጠል ነው። እንጦጦ ላይ ያለ ሸክም፣ ቀና ብለን መራመዳችን በራሱ ታሪክ ነው።

ሩጫውንም አንርሳ። የታላቁ ሩጫ አዘጋጆች ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ «ቅድሚያ ለሴቶች» በሚል ለሴቶች ብቻ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ያካሂዳሉ። አብዛኛዋ ተሳታፊ ለማሸነፍ ሳይሆን ከጓደኞቿ ጋር ለመሳቅ፣ ለመዝፈን፣ አስፋልቱን ለአንድ ጠዋት የራሷ ለማድረግ ትወጣለች። አያቶቻችን ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን!

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለስብሰባችን ጥያቄ መልስ የሚሆን ሦስት ነገር እናገኛለን።

የመጀመሪያው፣ ሽርሽር ለሴት ቅንጦት አለመሆኑ ነው። ለከተማዋ የመዝናኛ ሰዓት የሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ድርሻቸውን ሲወስዱ ከማንም አልሰረቁም።

ሁለተኛው፣ ሌሊቱን ሙሉ ስናበስል አድረን፣ ድስትና ሳህን ተሸክመን ሄደን፣ ሌሎችን አስተናግደን፣ ማታ ዕቃ አጥበን የምንመለስበት ቀን ሽርሽር አለመሆኑ ነው። ይህ ቦታውን የለወጠ ጓዳ ነው። እስካሁን በብዙ ማኅበራት «ወጪ ለመቀነስ» እየተባለ የሚደረገው እንዲህ ነው። በዚህ ዓመት የእኛ እንዲህ ባይሆን እንመርጣለን።

ሦስተኛው፣ ብድርና ሽርሽር ጠላቶች አለመሆናቸው ነው። የሽርሽር ገንዘባችን ከማኅበራችን ውጭ መፍሰስ የለበትም። ምሳውን ምግብ ቤት ካላቸው አባሎቻችን፣ ዳቦውን ከምትጋግረው፣ ቡናውን ቦታ አጥታ ጀበናዋን ወደ ቤት ከመለሰችው እህታችን፣ ቆሎውን ከምትቆላው እንግዛ። የምንከፍለውም «የማኅበር ነው» ተብሎ ተቀንሶ ሳይሆን ሙሉ ዋጋውን ይሁን። ያን ቀን የምታቀርበው እህት ሥራ ላይ ናት፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ተራዋ ሆኖ ትቀመጣለች። ገንዘቡ ከአንዷ እጅ ወደ ሌላዋ ዞሮ ብድሩን ለመክፈል ተመልሶ ይገባል።

የምንሄድበትን ቦታም አስበናል። ከመካኒሳ ተነሥተን በጀሞና በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ብንይዝ በአንድ ቀን ብዙ እናያለን። በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልካ ቁንጥሬ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ድንጋይ እየጠረበ የኖረበትን ያሳየናል። ከዓለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም በዚያው አቅጣጫ ናት። ወደፊት ከቀጠልን ደግሞ በ1972 ዓ.ም. የተመዘገቡት የጢያ 36 ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። ልጆቻችንን ይዘን ብንሄድ ለእነርሱም ትምህርት ነው። ረጅም መንገድ የሚከብዳቸው እናቶች ካሉ ደግሞ አንድነት ፓርክ በከተማ ውስጥ አለ፤ ሁለት ቡድን ሆነን መከፈል እንችላለን።

ሐሳቡን የምትደግፉም የምትቃወሙም እህቶች በሚቀጥለው ስብሰባ እንድትናገሩ እንጠብቃለን። ከመምጣታችሁ በፊት ግን እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ «ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ውጭ ተቀምጣችሁ፣ ሌላ ሰው ሠርቶ አቅርቦላችሁ የበላችሁት መቼና የት ነው?» መልሳቸውን ጽፋችሁ አምጡልን፤ በቀጣዩ እትም እናወጣዋለን። በጭራሽ የለም የሚሉ እናቶች ካሉ በአውቶቡሱ የመጀመሪያው ወንበር የእነርሱ ይሁን።